ትኬቱ ላይ ያሉት አራት ፊደላት

ወደ ዋሽንግተን የሚበረው አውሮፕላን በሚነሳበት ምሽት ቦሌ የሄደ ሰው ዊልቸር ላይ የተቀመጡ እናቶችን ሰልፍ ሳያይ አይመለስም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፓስፖርታቸውን ከነትኬቱ በሁለት እጃቸው ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው በዚያው ዕለት ማለዳ የካ ሚካኤልን ተሳልመው፣ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው የተመለሱ አይጠፉም። ጉልበታቸው ደህና ነው። ዊልቸሩን ያዘዘላቸው ሜሪላንድ ያለ ልጃቸው ነው። እናቱ እንግሊዝኛ እንደማያነቡ፣ በር ተቀየረ ሲባል እንደማይሰሙ፣ ሰው ለመጠየቅም እንደሚያፍሩ ያውቃል። ዊልቸር የሚገፋው ሠራተኛ ግን መንገዱን ያውቃል፤ ከኢሚግሬሽን አሳልፎ፣ ሻንጣ አስወርዶ፣ ልጅ እጅ ያስረክባቸዋል። የቸገራቸው እግር አልነበረም፤ አፍ ነበር።

በዚህ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። ችግሩ ዊልቸሩም ገፊውም የተቆጠሩ መሆናቸው ነው። አንድ በረራ ላይ ይህን ያህል ሰው ሲሰለፍ፣ ያለ ዊልቸር አንድ እርምጃ መሄድ የማይችለው መንገደኛ ከሰልፉ መሐል አንዱ ይሆንና ይጠፋል። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም ሁሉም ወርዶ እስኪያልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው እሱ ነው።

መፍትሔው ብዙዎች የማያውቁት አራት ፊደል ነው። አየር መንገዶች አንድ መንገደኛ የሚያስፈልገውን እርዳታ ትኬቱ መዝገብ ላይ በአራት የላቲን ፊደላት ይጽፉታል፤ ይህ አጻጻፍ ከአዲስ አበባ እስከ ቶሮንቶ አንድ ነው። «ኤም ኤ ኤ ኤስ» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ዊልቸር አይቀርብለትም፤ ተቀብሎ የሚመራው ሰው ይመደብለታል። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ጤነኛ እናት የተሠራው አገልግሎት ይህኛው ነው። ትኬት ቆራጩ ግን ካልተጠየቀ አይነግርም፤ ልጁም የሚያውቀው «ዊልቸር» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

ዊልቸርም ቢሆን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሦስት አለው፤ የሚለያዩትም በመጨረሻዋ ፊደል ነው። «ደብሊው ሲ ኤች አር» የተባለው መንገደኛ ደረጃ መውጣት ይችላል፤ የሚያቅተው ረጅሙ የኤርፖርት ኮሪደር ነው። መጨረሻው «ኤስ» የሆነው ደረጃ አይወጣም፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እስከ ወንበሩ ራሱን ይችላል። መጨረሻው «ሲ» የሆነው እስከ ወንበሩ ድረስ የሚያደርሰው ይፈልጋል። ለእሱ በወንበሮች መሐል የምታልፍ ጠባብ ዊልቸርና የሚያነሱት የሠለጠኑ ሰዎች ያስፈልጉታል። «ሲ» መባል ያለበት ሰው «አር» ተብሎ ከተመዘገበ ስሕተቱ የሚታወቀው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ አውቶቡሱ አስፋልቱ መሐል ካቆመው አውሮፕላን ደረጃ ሥር ሲያወርደው። ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው መንገደኞችም የየራሳቸው አራት ፊደል አላቸው።

ቦሌ ተርሚናል ሁለት በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተደርጓል፤ ወደ አውሮፕላኑ በቀጥታ የሚያስገቡ ድልድዮችም አሉት። ይሁን እንጂ እንደ ብዙ የዓለም ኤርፖርቶች ሁሉ እዚህም በአውቶቡስ ተጉዞ በደረጃ የሚሳፈረው ሰው ብዙ ነው። በአገር ውስጥ በረራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደረጃው የአውሮፕላኑ አካል ነው። ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም ላሊበላ የሚወስደው ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 በሩ ወደ ታች ሲከፈት ራሱ ደረጃ ይሆናል። ለተራው ሰው ምቹ ነገር ነው፤ ሁለት እግሩ ለማይታዘዝለት ግን ያቺ አጭር ደረጃ ከበረራው ሁሉ ትረዝማለች። እንዲህ ባለው ጊዜ ማን፣ በምንና እንዴት እንደሚያነሳው ቀድሞ የጠየቀ መንገደኛ እንደ ጆንያ በብብቱ ተይዞ ከመነሳት ይድናል።

ለነገሩ ጉዞው ቦሌ ላይ አይጀምርም፤ ከቤት ነው፤ ለምሳሌ ከየካ። የካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ ተነስቶ በኮተቤ፣ በሌላ በኩል በፈረንሳይ ለጋሲዮን አድርጎ የእንጦጦን ተራራ ተደግፎ የተሠራ አገር ነው። ሜዳ ቢኖረውም ዳገቱ ይበዛል። ኮብልስቶኑ ክራንች ያዳልጣል፣ የዊልቸር ጎማ ያንገጫግጫል። አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖረው። በስልክ የተጠራችው ቪትዝ ስትመጣ የኋላ መጫኛዋ ሻንጣና ዊልቸር አንድ ላይ አይችልም። ኤርፖርት ሲደረስ ደግሞ ሸኚ ከተርሚናሉ በር አያልፍም። ዕድሜ ልኩን በወንድሙ ወይም በጎረቤቱ ጫንቃ ሲደገፍ የኖረ ሰው በዚያች ቅጽበት ለማያውቀው ሠራተኛ ይረከባል። ለሠራተኛው ስለዚህ ሰው የሚናገረው ነገር ቢኖር ያው አራቱ ፊደል ነው።

ሕጉስ? ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ኮንቬንሽኑ ትራንስፖርትን በስም ይጠራል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መዳረሻ እንዲኖራቸው አዝዟል። ወደ ውጭ ለሚበር ሰው ግን የሄደበት አገር ሕግም አብሮት ይበራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣችው የአየር ጉዞ ሕግ አየር መንገድ ማንንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳይከለክል ያዝዛል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደግሞ አሜሪካ የሚያርፉና ከዚያ የሚነሱ የውጭ አገር በረራዎችንም ያካትታል። ስለዚህ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚበር መንገደኛ ቅሬታ ሲኖረው ጉዳዩን የሚፈታ የተመደበ ኃላፊ በአካል ወይም በስልክ እንዲቀርብለት መጠየቅ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ በኤርፖርት ውስጥ መርዳት የኤርፖርቱ ግዴታ ነው፤ ነጻ ነው፤ የሚፈለገው ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ነው።

የራሱን ዊልቸር ይዞ የሚሄድ ሰው የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ዊልቸሩ ከሻንጣ ጋር አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ይገባና ሲወጣ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አይታወቅም። ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 አሜሪካን ኤርላይንስን በአካል ጉዳተኞችና በዊልቸር አያያዝ ምክንያት 50 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል። ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በዓለም አቀፍ በረራ ለተጎዳ ሻንጣ የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው አሁን ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ስምምነቱ ዊልቸርን ከሻንጣ ለይቶ አያይም። በባትሪ የሚሄድ ዊልቸር ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ዕቃው ከመሰጠቱ በፊት ዋጋውን በጽሑፍ አሳውቆ፣ ከተጠየቀም ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል ስምምነቱ ይፈቅዳል። ይህን የሚጠቀም ሰው ጥቂት ነው። የለመዱ ተጓዦች ዊልቸሩን ከማስረከባቸው በፊት በአራቱም ማዕዘን ፎቶ ያነሱታል፤ ትራሱንና የእግር መርገጫውን ነቅለው ይዘውት ይገባሉ። የሊቲየም ባትሪ ያለው ከሆነ የባትሪውን ዋት ሰዓት አስቀድመው ያስመዘግባሉ፤ ተነቃይ ባትሪ ከ300 ዋት ሰዓት ካለፈ አይሳፈርምና።

ከዚያ የወንበሩ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ያርፋል። ቦሌ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ሊነሳበት ይቸግረዋል። እግሩን ዘርግቶ መንጎራደድ ለሚችል ሰው ይህ ዕረፍት ነው፤ ከወንበሩ መነሳት ለማይችል ግን በዚያው ወንበር ላይ የሚጨመር ሰዓት ነው። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው የመቀመጫው ቁስል ሳይሰማው ሊጀምረው ይችላል። አንዳንዱ መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ሲል ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አይጠጣም። ሰው በራሱ ላይ የሚፈርደው ከባድ ፍርድ ይህ ነው። ሁለት መተላለፊያ ያላቸው ትልልቅ አውሮፕላኖች ወደ አሜሪካ ሲበሩ ሰፋ ያለ መጸዳጃና ጠባብ ዊልቸር ሊኖራቸው ግድ ነው፤ ሆስተሷ ወንበሩን እስከ በሩ መግፋት ትችላለች፤ ውስጥ ገብታ ማገዝ ግን ሥራዋ አይደለም። አንድ መተላለፊያ ብቻ ባላቸው አውሮፕላኖች ሰፋ ያለ መጸዳጃ ብዙ ጊዜ የለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው ደንብ አዲስ ለሚታዘዙት ሰፊ መጸዳጃ እንዲኖራቸው የሚያስገድደው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ከፍታው ለየካ ሰው ሌላም ነገር ያስተምራል። የቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አውሮፕላን ደግሞ ውጭው ምንም ያህል ከፍ ቢል ውስጡ ያለው አየር በመደበኛ በረራ ከ2,438 ሜትር ከፍታ በላይ ስስ እንዳይሆን ተደርጎ ይሠራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር፣ በ2008 ዓ.ም. ያስገባው ኤርባስ ኤ350ም፣ ከዚያም ዝቅ ብለው ወደ 1,800 ሜትር ያወርዱታል። 1,800 ሜትር ማለት ባሕር ዳር ማለት ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ የሚኖር ሰው ድሪምላይነር ሲሳፈር፣ አካሉ 12 ሺህ ሜትር ሽቅብ እየወጣ ሳንባው ወደ ጣና ዳር ይወርዳል። አስም ወይም ሌላ የሳንባ በሽታ ያለበት የአዲስ አበባ ሰው አውሮፕላን «አየር ያሳጥረኛል» ብሎ ሲፈራ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚተነፍሰው አየር ከዚያ የሳሳ ሊሆን ይችላል። የፈረንጅ የሕክምና መመሪያዎች በብዛት የተጻፉት ከባሕር ጠረፍ ለሚነሳ በሽተኛ ነው።

ይህ ግን ለጭንቀት ማስታገሻ እንጂ ፈቃድ አይደለም። የካቢን አየር ደረቅ ነው፤ ረጅም መቀመጥ ደም ያረጋል፤ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙ የሚሞላለትን የአየር መንገድ ቅጽ፣ «ሜዲፍ» የሚባለውን፣ አስቀድሞ ማስላክ አለበት። የራስን የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ መግባት አይፈቀድም። ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይፈቀዳል፤ ባትሪው ግን ከበረራው ሰዓት አንድ ጊዜ ተኩል እንዳያንስ አየር መንገዱ እንዲጠይቅ የአሜሪካ ደንብ ይፈቅድለታል። ዋናው አደጋ ያለው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ልቡ የደከመ አባት ከዋሽንግተን መጥቶ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ደህና ሆኖ አርፎ፣ በማግሥቱ ለጸበል እንጦጦ ሲወጣ ትንፋሹ ያጥርበታል። በረራው አላሳመመውም፤ አገሩ ነው ከፍ ያለው።

ዓይን ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የካ ውስጥ ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና አንጋፋ ነው፤ ሆኖም ለሬቲና ቀዶ ሕክምና ባንኮክ ወይም ሕንድ የሚሄድ ኢትዮጵያዊም አለ። በዚህ ቀዶ ሕክምና አንዳንድ ጊዜ ሬቲናውን እንዲደግፍ ዓይን ውስጥ ጋዝ ይሞላል። ከዱባይ የመጣ የቺፕስ ፌስታል አዲስ አበባ ሲደርስ ተነፍቶ ያየ ሰው የሚሆነውን ይገምታል። ጋዙ ከፍታ ላይ ይለጠጣል፤ ዓይንን ከውስጥ ይጫናል፤ ብርሃንን እስከማጥፋት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ጋዙ ሟሙቶ እስኪያልቅ መብረር ክልክል ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ታክሞ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ሰው ደግሞ አደጋው መሬት ሲረግጥም አያበቃም፤ ቦሌ ራሱ ከድሪምላይነር ካቢን ከፍ ይላልና። ቀዶ ሕክምና ያደረገው ሐኪም በሽተኛው የሚኖርበት ከተማ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ላያውቅ ይችላል። ሊነገረው ይገባል።

መናገር። የእኛ ሰው ግን መናገር ይከብደዋል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ጥሩ ጎረቤት ያደርጋል እንጂ ጥሩ መንገደኛ አያደርግም። «ሰው አላስቸግር» ብሎ ሕመሙን የሚሸሽግ ተጓዥ ብዙ ነው። በአለርጂ ላይ ይሉኝታው ከወዲያኛው ወገንም ይመጣል፤ ስሙ «በሞቴ» ነው። ከሾላ ገበያ የተገዛ ቆሎ ከረጢት የሌለበት የአዲስ አበባ በረራ ብርቅ ነው። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ኦቾሎኒው አንድ ላይ ተቆልቷል። ጎን የተቀመጡት እናት ከረጢቱን ይፈቱና ለማያውቁት ልጅ ያፍሱለታል። እንቢ ማለት ነውር ነው፤ እናቱ ሽንት ቤት ሄዳ ከሆነ ልጁ ይበላል። አየር መንገዱ ኦቾሎኒ ማደል ቢያቆም እንኳ የእኛን ከረጢት አይቆጣጠርም።

ቋንቋውም ራሱ ያሳስታል። አዲስ አበባ ውስጥ ለውዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ኦቾሎኒን ነው፤ የለውዝ ሻይ የሚሠራው ከኦቾሎኒ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ ግን ዛፍ ላይ የሚበቅለው ነው፤ በእንግሊዝኛ አልሞንድ የሚባለው። ሁለቱ በሕክምና የተለያዩ አለርጂዎች ናቸው። ስለዚህ «ለውዝ አይስማማኝም» ያለ መንገደኛ ሆስተሷ የትኛውን እንደሰማች እርግጠኛ መሆን አይችልም፤ ኦቾሎኒ ከሆነ ኦቾሎኒ ብሎ መጥራት ይሻላል።

ምግቡም በአራት ፊደል ይታዘዛል። የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለው «ቪ ጂ ኤም ኤል» ለጾመኛ ይመቻል፤ የወተትና የእንቁላል አለርጂ ላለበትም እንዲሁ። እንዲያውም ወተት የማይስማማው ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚቀልለው ረቡዕና ዓርብ ነው። ሆኖም ጾም ማለት አለርጂ የለበትም ማለት አይደለም። ሰሊጥ ፍትፍት፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሁሉም የጾም ምግብ ናቸው። ግሉተን የማይስማማው ሰውም እንጀራ ሲያይ መጠየቅ አለበት። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የገበያ እንጀራ ላይ ግን ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀል ይችላል።

ሰሊጥ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። የሁመራና የመተማ ሰሊጥ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ አለርጂው ላለበት ደግሞ ሞት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የ15 ዓመቷ ናታሻ ኤድናን ላፔሩዝ ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት ውስጥ ሳንድዊች ገዝታ ወደ ኒስ በምትበርበት አውሮፕላን ተሳፈረች። ዳቦው ሊጥ ውስጥ ሰሊጥ ነበረ፤ መጠቅለያው ላይ ግን አልተጻፈም፤ የዚያን ጊዜው ሕግም አያስገድድም ነበር። በበረራ ላይ ሰውነቷ ተቆጣ። አባቷ ሁለት የአድሬናሊን መርፌ ወጋት፤ አላዳናትም። ከአምስት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ ሥራ ላይ የዋለው የምግብ ምልክት ደንብ የናታሻ ሕግ ተብሎ ይጠራል። አሜሪካም ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሰሊጥን በግዴታ ከሚጻፉት አለርጂ አምጪዎች አስገብታለች።

በካቢን ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈራው በአየር የሚመጣውን ብናኝ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያሰጋው ቀድሞት የተቀመጠው ሰው የነካው ጠረጴዛና የወንበር እጀታ ነው። ስለዚህ እርጥብ ሶፍት ይዞ ገብቶ መጥረግ ከብዙ ክርክር ይጠቅማል። የአውሮፕላን የሕክምና ሣጥን ውስጥ አድሬናሊን ይኖራል፤ በአሜሪካ ግዴታ ነው። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ በብልቃጥ ነው፤ ሰብሮ፣ ለክቶ፣ በሲሪንጅ ስቦ የሚወጋ ሰው ይፈልጋል። ጭን ላይ መጫን ብቻ የሚበቃው እስክሪብቶ መሰል መርፌ ደግሞ በእኛ ፋርማሲዎች የተለመደ አይደለም። ያለው ሰው ሁለት ይዞ፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ይጓዛል።

መርፌው የሚቀመጥበት ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከእንጦጦ ለዘመድ የሚላክ ጸበል በጀሪካን ተሞልቶ ሲመጣ ፍተሻው ላይ ይቆማል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ አይገባም፤ ጸበልም በፈታሹ ዓይን ውኃ ነው። ኢንሱሊንና አድሬናሊን ግን መድኃኒት ስለሆኑ ከደብዳቤው ጋር ያልፋሉ። ጀሪካኑ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ይወርዳል። መርፌው አብሮ መውረድ የለበትም፤ ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያም ለእሱ ሩቅ ነው። ከፊት ወንበር ሥር ባለች ቦርሳ ውስጥ ያድራል፤ ቦርሳዋ የት እንዳለችም ጎን የተቀመጠው ሰው፣ ያ ቆሎ የያዘው፣ ይነገረዋል።